ምድጃው ተሠርቷል፤ ገዢውስ?
የደቡብ ጎንደር ደጋ የማገዶ ቁጠባ ገበያ፣ ከጋፋት እስከ አውራ አምባ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ለማንም ሳይሸጥ በነፃ ይታደላል። የአየር ማቀዝቀዣ የሚገጥም ባለሙያ በባሕር ዳር ሆቴሎች ሥራ አያጣም፤ ወደዚህ ደጋ ቢወጣ ግን ደንበኛ የሚያገኝ አይመስልም። እዚህ በገንዘብ የሚገዛው ሙቀት ነው። የሙቀት ሥራ ተቋራጭ የሚባል ሰው ካለም እርሱ ምድጃ ሠሪው ነው።

ምድጃ ሠሪው ለገበያ የሚያቀርበው ዕቃ ሲታይ ሲሚንቶና ጠጠር፣ ወይም ጭቃና ቆርቆሮ ነው። በእርግጥ የሚሸጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሳይነድ የቀረ እንጨት። ይህ ሸቀጥ በዓይን አይታይም፤ በሚዛን የሚለካው ከትናንቱ ፍጆታ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። በመሆኑም ንግዱን የያዘው ጥያቄ “ምድጃው ይሠራል ወይ?” የሚለው አይደለም። ይህ ከተመለሰ 30 ዓመት አልፎታል። ያልተመለሰው “ሳይነድ ለቀረው እንጨት የሚከፍለው ማነው?” የሚለው ነው።

የከፍታ ዋጋ

በደጋ ማብሰል በቆላ ከማብሰል የበለጠ ማገዶ ይፈልጋል። ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ውኃ የሚፈላበት መጠን በ1 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። በደብረ ታቦር ድስቱ የሚንተከተከው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል እንጨት ቢጨመር የውኃው ሙቀት ከፍ አይልም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ባቄላው፣ አተሩና ድንቹ እሳት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ።

እሳቱም ቢሆን አባካኝ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በሚጋገር እንጀራ ከሚነደው ማገዶ ሙቀት ምጣዱን የሚያገኘው ከ10 በመቶ እምብዛም አያልፍም። የቀረው በጎንና በጎን አምልጦ ማድቤቱን ያሞቃል፣ ግድግዳውን ያጠቁራል፣ የጋጋሪዋን ዓይን ያስለቅሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስና ብክለት ጋር በተያያዘ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል።

ማገዶው ከየት ይመጣል የሚለውም የራሱ ሒሳብ አለው። በደቡብ ጎንደር ከአገር በቀሉ ደን የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ያለው ነው። ገበያውን የሚመግበው ገበሬው በማሳው ዳርቻና በማሳውም ላይ የሚተክለው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ እንጨት ሲያጥር ደግሞ ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ ግን የሚነደው ለገብሱና ለድንቹ ማሳ ሊሆን ይችል የነበረ ፍግ ነው። በማዳበሪያ ዋጋ መናር የተማረረው የፋርጣ ገበሬ ማዳበሪያ ሊሆነው የሚችለውን በየማለዳው በምድጃው ያቃጥላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለት ምድጃዎች፣ ሁለት የገበያ መንገዶች

“ምርት” የተባለው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ አጋማሽ በማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር በነበረው የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተዘጋጀ ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ እርሱ ካልተገኘ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በብረት ቅርጽ ማውጫ ይመታል። ስድስት ቁራጭ አለው፤ አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን በክብ ይሸከማሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ድስት ይጣድባቸዋል። እሳቱ በአንድ በር ብቻ ስለሚተነፍስና ዙሪያው ስለተዘጋ ሙቀቱ ወደ ምጣዱ ይሄዳል፤ የሚያመልጠውም ቢሆን በኋላ በኩል ወጥ ወይም ውኃ ያሞቃል። በተደረጉ የመጋገር ሙከራዎች ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል።

“ላቀች” የተባለው የከሰል ምድጃ የወጣው በዚያው ዘመን ነው። የኬንያውን የከሰል ምድጃ መነሻ አድርጎ የተሠራ ሲሆን ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ቆርቆሮ ነው። ከተለመደው የብረት ምድጃ ጋር ሲወዳደር ከከሰሉ ሩቡን ያህል ያድናል።

ሁለቱ ምድጃዎች አንድ ዓላማ ቢኖራቸውም የገበያ መንገዳቸው ለየቅል ሆነ። ላቀች መርካቶ ገባ። ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ሠሩት፣ ቸርቻሪዎች በየሱቁ ደረደሩት፣ ከሰል ገዢው የከተማ ሰው ሒሳቡን በኪሱ ስለሚያውቀው ገዛው። ከእውነተኛው ጎን ጥራቱ የወረደ አስመስሎ የተሠራ ምድጃም ተሸጠ። ነጋዴ እንደሚያውቀው የማይፈለግ ዕቃ አስመስሎ የሚሠራው የለውም።

ምርት ግን ከባድ ነው፤ በጀርባ ተሸክመው ሩቅ አይወስዱትም፣ በመንገድም ይሰበራል። ስለዚህ በተጠቃሚው አቅራቢያ መሠራት ነበረበት። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ፣ የዛሬው ጂአይዜድ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በየወረዳው አምራቾችን ማሠልጠን ያዘ። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች ቅርጽ ማውጫ ተቀብለው ሥራ ጀመሩ። መንግሥትም በ2004 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ለአየር ንብረት የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ከቀዳሚዎቹ ሥራዎች አንዱ አደረገው። ተከትሎ የመጣው ብሔራዊ ፕሮግራም እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን ምድጃ የማሠራጨት ዕቅድ ነበረው።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ዕቅድ ሲኖር በጅምላ የሚገዛ ይመጣል። አንድ ፕሮጀክት ወይም አንድ ጽሕፈት ቤት በመቶ የሚቆጠር ምድጃ ያዝዝና ለገበሬው በነፃ ወይም በቅናሽ ያድላል። አምራቹ ለጊዜው እፎይ ይላል። ሆኖም ሱቅ አይከፍትም፣ ጋጋሪዎችን እየዞረ አያነጋግርም፣ የተሰበረ አይጠግንም። ጎረቤቱ በነፃ ያገኘውን ዕቃ ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ሰው አይኖርም፤ ተራው እስኪደርሰው ይጠብቃል። የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያበቃ ትእዛዙ ይቆማል፤ ቅርጽ ማውጫው ግቢ ውስጥ ይዝጋል።

ጋፋት፦ እምቢ የማይባል ደንበኛ

አንድ ደንበኛ ብቻ ይዞ የሚሠራ የእሳት ሙያ መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማየት ከደብረ ታቦር ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከከተማዋ አጠገብ ያለችው ጋፋት ከ150 ዓመት በፊት በአገሪቱ ትልቁ የብረት ማቅለጫና የዕደ ጥበብ መንደር ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን ባለሙያዎችን ያሰፈሩባት እዚህ ነው። ከእነርሱ መካከል በስዊዘርላንድ ባዝል አቅራቢያ ከሚገኘው የክሪሾና ሚሲዮን የመጡት እነዋልድማየርና ሳልሙለር፣ እንዲሁም መድፍ በማቅለጥ ሙያው የሚታወቀው ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆል ይገኙበታል።

ጋፋት ሙያና ኑሮ ያልተለያዩባት መንደር ነበረች። ባለሙያዎቹ ከአገሬው ጋር ተጋብተው፣ ልጆች ወልደው፣ ሙያ እንዲማሩ የተሰጧቸውን ወጣቶች አስጠግተው ኖሩ። ከምድጃው ጀርባ አንድ ማኅበር ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ እሳት 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወጣ።

ገዢው ግን አንድ ነበር፤ እርሱም ንጉሡ። ዋጋውን የሚወስነው፣ ትእዛዙን የሚለውጠው፣ “አልሠራም” የሚል መልስ የማይቀበለው ያው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ባለሙያዎቹም መድፉም አብረው ተጓዙ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲያልፉ የጋፋት ሥራ የሚያዝዘው ሰው አጣ። ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ቀረ።

ሙያው ነበረ፣ ሰው ነበረ፣ ምድጃው ነበረ። ያልነበረው ሁለተኛ ደንበኛ ነው። ከየገበያው ማረሻና ማጭድ ለመግዛት የሚመጣ ሰው ለጋፋት ምድጃ ሥራ ቢሰጠው ኖሮ እሳቱ ከአንድ ሰው ዕድሜ ጋር ባልጠፋ ነበር። የዛሬው ምድጃ አምራች በሲሚንቶ ቢሠራም፣ ገዢው ፕሮጀክት ብቻ እስከሆነ ድረስ የቆመው በዚያው መሠረት ላይ ነው።

አውራ አምባ፦ ገዢውም ሠሪውም አንድ ሲሆኑ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ፣ በፎገራ ወረዳ ዓለም በር አቅራቢያ፣ የተለየ መልስ ያገኘ ማኅበረሰብ አለ። አውራ አምባ በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1972 ተመሠረተ። በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ በደረሰበት ጫና አባላቱ ወደ ቦንጋ ተሰደው ነበር፤ ሲመለሱ ያገኙት መሬት 17.5 ሄክታር ብቻ ነው። ይህ መሬት በእርሻ ስለማያኖራቸው ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮና ወደ ንግድ ዞሩ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት እንደ አቅማቸው ይሠራሉ፤ ትርፉንም በዓመቱ መጨረሻ እኩል ይካፈላሉ።

አውራ አምባን ለዚህ ገጽ የሚያበቃው ግን ማድቤቱ ነው። ቤቶቹ ከጭቃ የተሠራ፣ ጭሱን በመውጫ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አላቸው። ይህን ያዘዘ የውጭ ፕሮጀክት የለም። ማኅበረሰቡ ራሱ አስቦ፣ ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ይጠቀምበታል፤ ሲሰነጠቅም ራሱ ይለስነዋል።

ምክንያቱ በቴክኒክ ብቻ አይገለጽም። በአውራ አምባ የወንድ ሥራና የሴት ሥራ የሚባል ክፍፍል የለም። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች። ይህ ብዙ ጊዜ በሥነ ምግባር በኩል ይወሳል፤ በገበያ በኩል ሲታይ ግን ትልቅ ነገር አለው። በሌላው የደጋ ቤት ጭሱን የምትጠጣው አንዷ ናት፣ ኪሱ ያለው ሌላው ነው። ማገዶ ለመልቀም ግማሽ ቀን የምትሄደው እናት ወይም ልጅ ናት፤ ጊዜያቸው በብር አልተተመነም። ስለዚህ ምድጃው የሚያድነው ጊዜ ለባል “ትርፍ” ሆኖ አይታየውም። ወንዱም ምጣድ ፊት ሲቆም ግን ገዢውና ተጠቃሚው አንድ ይሆናሉ፤ ምድጃ የማሻሻል ጉዳይም የሁሉም ጉዳይ ይሆናል።

የማኅበሩ ኑሮ ሌላም ትምህርት አለው። አባላቱ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ለችግረኞች መደጎሚያ የሚሆን የሥራ ቀን መድበዋል። የታመመ ሸማኔ ከደሞዝ ዝርዝር አይሰረዝም። በየከተማው የተደራጁ የምድጃ ማኅበራት ከሚፈርሱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ መድን ማጣት ነው። ሲሚንቶ ማቡካት፣ ጠጠር መንፋት፣ ቅርጽ ማውጫ መምታት ጉልበት ይጠይቃል፤ ከአምስት አባላት አንዱ ሲታመምና ሌላው የተሻለ ቀን ሥራ ሲያገኝ ማኅበሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ገቢ በአንድ ዕቃ ላይ አለመንጠልጠሉም እንዲሁ ነው። የአውራ አምባ ሽመና ሲቀዘቅዝ ወፍጮው ይፈጫል፤ የምድጃ ማኅበር ግን ክረምት ሲገባና ዕቃው አልደርቅ ሲል የሚሠራው ሁለተኛ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

አውራ አምባ ትንሽ ማኅበረሰብ ነው። ኑሮውን እንዳለ ገልብጦ በሌላ ከተማ መትከል አይቻልም፤ ደብረ ታቦርም አውራ አምባ እንድትሆን የሚጠብቅ የለም። የሚወሰደው ነጥብ አንድ ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው የሚድነውን ማገዶ በራሱ እጅ ሲያይ ምድጃው ያለ ድጎማ ይቆማል።

ሒሳቡ የት ላይ ያዋጣል?

ይህን ነጥብ ወደ ከተማ ገበያ ለማምጣት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ ቤት ለእንጀራ ብቻ በሳምንት አንድ ሸክም እንጨት ይገዛል እንበል። ምድጃው ግማሹን ካዳነ በሁለት ሳምንት አንድ ሸክም ይተርፋል። የምድጃው ዋጋ የስምንት ሸክም ዋጋ ቢሆን ገንዘቡ የሚመለሰው በ16 ሳምንት፣ ማለትም በአራት ወር ገደማ ነው። ለደሞዝተኛ ቤት ይህ ረጅም ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት በቀን አንድ ሸክም ታነዳለች እንበል። በሳምንት ሦስት ሸክም ተኩል ይተርፋታል። ያው ምድጃ ዋጋውን የሚመልሰው ከሁለት ሳምንት ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ሁሉ ትርፍ ነው። ዕቃው አንድ፣ ዋጋውም አንድ፤ የተለየው እሳቱ የሚነድበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ የምድጃ ሠሪው የመጀመሪያ ደንበኛ እንጨት ለቅሞ የሚያመጣው ገበሬ ሊሆን አይችልም። እንጀራ ሻጮች፣ ጠላ ጠማቂዎች፣ ቀኑን ሙሉ እሳት የማያጠፉ አረቄ አውጪዎች፣ ምግብ ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲና የማረሚያ ቤት ወጥ ቤቶች ናቸው። ለእነዚህ የሚቀርበውም ምድጃ ብቻ ሳይሆን አገልግሎት መሆን ይኖርበታል።

በሌላው ዓለም የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ተቋራጮች ይህን መንገድ ከያዙት ቆይተዋል። ተቋራጩ የሕንፃውን ፍጆታ ይለካል፣ አሮጌውን ማሞቂያ በራሱ ገንዘብ ይቀይራል፣ ክፍያውን ከሚቀንሰው ወርሃዊ ሒሳብ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ይወስዳል። ቁጠባው ካልታየ የሚከስረው እርሱ ነው። በደጋው ከተማ ይህን ለመሥራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሚዛን ይበቃል። ጋጋሪዋ በአሮጌው ምድጃ በሳምንት የምታነደው እንጨት ይመዘናል፤ በአዲሱ ምድጃ ያው ሊጥ፣ ያው እጅ፣ ያው ምጣድ ሆኖ እንደገና ይመዘናል። ልዩነቱ የውሉ መሠረት ይሆናል። ክፍያው ደግሞ በየሳምንቱ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ነጋዴው ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከድሮም አለው፣ ዕቁብ ይባላል። አሥር ጋጋሪዎች የምድጃ ዕቁብ ቢገቡ አምራቹ በየሳምንቱ እርግጠኛ ሽያጭ ያገኛል፤ ዕጣ የወጣላት ጋጋሪም የምታድነውን እንጨት እየሸጠች መዋጮዋን ትከፍላለች ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ይቀድማል?

ባለሀብቱ የሚያነሣው ተገቢ ጥያቄ አለ። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። እንግዲያ የእንጨት ምድጃ ዘመኑ አላለፈበትም?

የኤሌክትሪክ ምጣድ በከተሞች የምርት ምድጃ ዋነኛ ተፎካካሪ ነው፤ ጭስም የለውም። ይሁን እንጂ አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ማለዳ ሠፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መስመሩ ይጨናነቃል። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። መብራት ሲጠፋ የገባውን ትእዛዝ ማድረስ ያለባት እንጀራ ሻጭ ሁለተኛ ምድጃ ያስፈልጋታል።

ይህ ደግሞ ለተቋራጩ ተጨማሪ ሥራ ነው። የተሰነጠቀ ምጣድ፣ ሙቀት መያዣ የሌለው ሥር፣ የላላ ሽቦና የማይገጥም አክንባሎ ኤሌክትሪክን እንደ ሦስት ጉልቻ ያባክናሉ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ቁጠባን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቷል፤ ኃላፊነቱም ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። እንጨትም ሆነ ኤሌክትሪክ የሚያነድ ደንበኛ የሚፈልገው ያንኑ ሰው ነው፤ ለክቶ የሚያሳይ፣ ሠርቶ የሚገጥም፣ ሲበላሽም ተመልሶ የሚመጣ።

አደጋዎቹ መታወቅ አለባቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ውስጥ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ አይገባም፣ ዕቃም አይወጣም። የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር የምርት ምድጃ ዋጋም አብሮ ይንራል፤ የሚመለስበት ጊዜም ይረዝማል። ለዚህ ነው በአካባቢ ሸክላና ጭቃ የሚሠሩ ምድጃዎች እንደ ሁለተኛ ዕቃ በመደብ ላይ መኖር ያለባቸው።

በዚህ ሥራ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ነጋዴ አምራቹ ምን ያህል ምድጃ እንደሠራ ከመጠየቁ በፊት ስንት የተለያዩ ሰዎች በራሳቸው ገንዘብ እንደገዙት ይጠይቅ። ሺህ ምድጃ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሸጠና መቶ ምድጃ ለመቶ ጋጋሪዎች የሸጠ ማኅበር በመዝገብ ላይ አይመጣጠኑም፤ በበጀት ዓመቱ ማግሥት የሚገኘው ግን ሁለተኛው ነው።